«ሥራዬን ለቅቄ ልግባበት?» የአክሲዮን ብሮከር መሆን ለምትፈልግ የባንክ ሠራተኛ የተሰጠ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ 26 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሐዋሳ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ በደንበኞች አገልግሎት እሠራለሁ። የአክሲዮን ገበያው ከተከፈተ ወዲህ ልቤ ወደዚያ ሸፍቷል። ብሮከር መሆን እፈልጋለሁ። ሥራዬን ለቅቄ ሲኤፍኤ ልማር? ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹የአሜሪካውን ፈተና ውሰጂ፣ የትም ያሠራሻል› ይለኛል። ሒሳብ ላይ ጎበዝ የምባል አይደለሁም። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልመልስልሽ። ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። ሲኤፍኤ፣ ዓለም አቀፉ የኢንቨስትመንት ትንተና ሰርተፍኬት፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ከእሱ አትጀምሪ። የአሜሪካው ፈተና ለወንድምሽ ሊጠቅም ይችላል፣ አንቺን አዲስ አበባ ላይ አያስቀጥርሽም። ሒሳቡ ደግሞ የምትፈሪውን ያህል አይደለም። ቀሪውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ረዘም ይላል።

አትልቀቂ ያልኩሽ ገበያው ገና ጨቅላ ስለሆነ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጁ፣ ቁጥር 1248/2013፣ ከወጣ ዓመታት ቢቆጠሩም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር፣ ቀጥሎ ገዳ ባንክ መጣ። በነገራችን ላይ አገራችን ለአክሲዮን ግብይት ጭራሽ እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚያገበያይ ቡድን ነበር። አብዮቱ መጥቶ ኩባንያዎቹ ሲወረሱ እሱም አብሮ ተዘጋ። ስለዚህ መሀል ላይ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ባዶ ጊዜ አለ። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአለቃው የተማረ ሰው የለም ማለት ነው። ይህ ላንቺ ጥሩም መጥፎም ዜና ነው።

መጥፎው ይህ ነው። ብሮከር የሚኖረው በኮሚሽን ነው፣ ኮሚሽን ደግሞ ከግብይት ነው የሚመጣው። የሚገበያየው አክሲዮን ጥቂት ሲሆን ኮሚሽኑም ጥቂት ነው፤ ድርጅቶቹም እንደ ባንክ በገፍ አይቀጥሩም። ደመወዝሽን ጥለሽ ወጥተሽ የሚጠራሽ ብታጪ የቤት ኪራዩ አይጠብቅሽም። ጥሩው ዜና ደግሞ ሁሉም ጀማሪ መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት በደንብ የተዘጋጀ ሰው ከብዙዎቹ ይቀድማል።

ለምኑ ነው የምትዘጋጂው? ሰው ብሮከር ሲባል ፊልም ላይ ያየው ይመጣበታል። አምስት ስክሪን፣ ጩኸት፣ ነገ የሚወደደውን አክሲዮን ዛሬ የሚያውቅ ሰው። የእውነቱ ሥራ ከዚህ ይርቃል። ብሮከር የሰው ትዕዛዝ ተቀብሎ፣ በሰው ገንዘብ፣ የተባለውን ሳያዛንፍ የሚፈጽም ሰው ነው። ዋጋ እንዲተነብይ አይጠበቅም። ዋጋው ዛሬ ምን እንደሆነ፣ ደንበኛው ምን ሊገጥመው እንደሚችል በትክክል እንዲናገር ግን ይጠበቃል።

አንድ ትዕዛዝ ጠጋ ብለን እንይ። ጡረታ የወጡ መምህር ደወሉልሽ እንበል። አንድ ባንክ ውስጥ 40 አክሲዮን አላቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ ገንዘብ ይፈልጋሉ። «ባለፈው በ1,600 ብር ተሽጧል አሉኝ። በቃ በገበያው ዋጋ ሽጪልኝ» ይሉሻል። ስክሪኑን ታያለሽ። አንዱ ገዢ 15 አክሲዮን በ1,580 ብር ይፈልጋል። ሌላው 10 በ1,550። ሦስተኛው 50 ይፈልጋል፣ የሚከፍለው ግን 1,400 ብር ነው። ዝም ብለሽ ብትሸጪላቸው 15ቱ በ1,580፣ 10ሩ በ1,550፣ የቀረው 15 ደግሞ በ1,400 ይሄዳል። ድምሩ 60,200 ብር። መምህሩ በልባቸው የያዙት 64,000 ነው። 3,800 ብሩ የት ገባ? የሰረቀ የለም። በ1,600 ብር የሚገዛው ሰው ባለፈው ገዝቶ ሄዷል፣ ዛሬ ያሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ጥቂት ገዢና ጥቂት ሻጭ ባለበት ገበያ «የመጨረሻው ዋጋ» እና «አንቺ የምታገኚው ዋጋ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደህና ብሮከር ስልኩን ሳይዘጋ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ገንዘቡ የሚያስፈልግዎት መቼ ነው? ከዚህ በታች አልሸጥም የሚሉት ዋጋስ አለ? ሠርጉ ከሁለት ወር በኋላ ከሆነ 25ቱን ዛሬ ሸጦ፣ የቀረውን 15 «ከ1,550 ብር በታች እንዳይሸጥ» ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። በሙያው ሊሚት ኦርደር የሚባለው ይሄ ነው። ግን እስከ ሠርጉ ድረስ ላይሸጥም ይችላል፤ ይህንንም ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። ከዚያ ትዕዛዙን መልሰሽ ታነቢላቸዋለሽ። የማን ሒሳብ ነው፣ መሸጥ ነው መግዛት፣ የየትኛው ኩባንያ፣ ስንት፣ በስንት፣ እስከ መቼ። «አዎ» ካሉ ብቻ ታስገቢያለሽ። አዎ ማለታቸው ደግሞ ተጽፎ ወይም ተቀድቶ ይቀመጣል። ነገ ልጃቸው «አባቴን በርካሽ አሸጥሽው» ብሎ ቢመጣ የሚያድንሽ ያ መዝገብ ነው።

እዚህ ውስጥ ከባድ ሒሳብ አየሽ? ማባዛትና መደመር ነው። የሚከብደው ሰውየው እየቸኮሉ አንቺ አለመቸኮልሽ ነው። በደመወዝ ሰሞን መስኮት ላይ ተቀምጠሽ ወረፋው እስከ በሩ ሲደርስ ፊርማ ያመሳከርሽ ሰው ይህን ከአዲስ ምሩቅ በላይ ታውቂዋለሽ። የሲቪሽ የመጀመሪያ መስመር እሱ ነው፣ አትናቂው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ጊዜዬን ሁሉ አንድ ነገር ላይ ላውለው ብትዪኝ የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ ላይ እልሻለሁ። በአገራችን ባለአክሲዮን ማለት በብዛት የባንክና የኢንሹራንስ ባለአክሲዮን ነው። ነገ የሚደውሉልሽ ሰዎች የያዙት እሱን ነው። ሪፖርቶቹ ደግሞ በነፃ ይገኛሉ። ባንኮቹ ሰኔ 30 ሒሳባቸውን ይዘጋሉ፣ አብዛኞቹ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራሉ፣ ሪፖርቱ ድረ ገጻቸው ላይ ይወጣል። የአካውንቲንግ ዲግሪሽ እስካሁን መስኮት ላይ ብዙም አልተነካም ይሆናል። እዚህ ጋ ይፈለጋል።

አብዛኛው ሰው ሪፖርቱን ገልጦ የሚያየው አንድ ቁጥር ነው፣ በአንድ አክሲዮን የተገኘ ትርፍ። እሱ ብቻውን ሰው ያሳስታል። ባንኩ የፈጠራ ነው፣ አሠራሩ ግን የእውነት ነው፤ ምሳሌውን ተከተይኝ። የአንዱ አክሲዮን የተጻፈ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ባንኩ ዓመቱን በ3 ሚሊዮን አክሲዮን ጀመረ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ስላዘዘ ዓመቱን ሙሉ አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ ከርሞ ሰኔ 30 ላይ 5 ሚሊዮን ደረሰ። የተጣራ ትርፉ 1 ቢሊዮን ብር ሆነ። ሪፖርቱ ትርፉን የሚያካፍለው በዓመቱ አማካይ የአክሲዮን ብዛት ነው፣ በ4 ሚሊዮን እንበል። 250 ብር ይወጣል። ሻጩ ይህን ይዞ «ሺህ ብር አስገብተህ 250 ታገኛለህ፣ ሃያ አምስት ከመቶ!» ይላል።

ቀስ በይ። ደንበኛሽ አክሲዮኑን የሚገዛው በ1,600 ብር ነው፣ በ1,000 አይደለም። ከዚያ ደግሞ ትርፉ ሁሉ አይከፋፈልም። ባንክ ሕጋዊ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እስኪስተካከል ድረስ በየዓመቱ ከተጣራ ትርፉ 25 ከመቶውን ለይቶ ያስቀምጣል። ከ1 ቢሊዮኑ 250 ሚሊዮኑ እዚያው ይቀራል፣ ቢበዛ የሚከፋፈለው 750 ሚሊዮን ነው። የመጨረሻውና ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ደግሞ የሚመጣው ዓመት ነው። በሚቀጥለው ዓመት 5 ሚሊዮኑ አክሲዮን ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል። ትርፉ ባያድግ በአንድ አክሲዮን 200 ብር ይሆናል፣ ሊከፋፈል የሚችለው 150 ብር። 150ን ለ1,600 አካፍይው። 9.4 ከመቶ ገደማ። ባንክ ለቁጠባ ከሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ፣ ከ7 ከመቶው፣ ይበልጣል። ከ25 ከመቶ ግን በጣም ይርቃል። እሱም ጉባኤው «ትርፉ ወደ ካፒታል ይዙር» ብሎ ካልወሰነ ነው።

ይህ ማለት አክሲዮኑ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አዲሱ ገንዘብ ብድር ሆኖ ትርፍ ካመጣ 1 ቢሊዮኑ ሊያድግ ይችላል። ነገሩ፣ ደንበኛሽ የሚገዛውን አውቆ ይግዛ ነው።

ከዚያ ወደ ማብራሪያዎቹ ውረጂ፣ ማንም ወደማያነባቸው የኋላ ገጾች። የተበላሸ ብድሩ ካለፈው ዓመት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ለእሱ የተያዘው መጠባበቂያስ? ትርፉ የመጣው ከወለድ ነው ወይስ ከውጭ ምንዛሪ? ይህቺ የመጨረሻዋ በተለይ አሁን ታስፈልጋለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከዕዳው የበለጠ የውጭ ገንዘብ በእጁ የነበረው ባንክ ቁጭ ብሎ አተረፈ ማለት ነው። ያ ትርፍ በየዓመቱ የሚደገም አይደለም። የዚያን ዓመት ሪፖርት አይቶ «እድገቱ ይቀጥላል» የሚልሽን ሰው ይህን ብቻ ጠይቂው።

የቤት ሥራ ልስጥሽ። ሦስት ባንክ ምረጪ። የየራሳቸውን የአራት ዓመት ሪፖርት አውርጂ፣ ኤክሴል ላይ አስገቢ። ከዚያ ስለ እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ብቻ ጻፊ፣ በአማርኛ፣ ለእነዚያ መምህር እንደምትጽፊ አድርገሽ። «ግዙ» ወይም «ሽጡ» አትበይ። ባንኩ ገንዘብ የሚያገኘው ከምን እንደሆነ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ምን ሊያሰጋ እንደሚችል ጻፊ። አንድ ገጽ ውስጥ ማሳጠሩ ያስለቅስሻል፤ ሥራው ግን እሱ ነው። ሰው ቀጣሪ ብሆን ከአምስት ሰርተፍኬት እነዚህን ሦስት ገጾች አስቀድሜ አነባለሁ።

አክሲዮን ብቻ ላይም አትቆሚ። ገበያው ላይ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነዶችም አሉ፣ መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርባቸው፣ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን። ቁጥር ላይ አይሆንልኝም ስላልሽ አንዱን እንሥራ። ከ91 ቀን በኋላ 100,000 ብር የሚከፍል ሰነድ ዛሬ በ96,500 ብር ተሸጠ እንበል። ትርፉ 3,500 ነው። 3,500ን ለ96,500 አካፍይ፣ በ365 አባዢ፣ ለ91 አካፍይ። በዓመት ሲሰላ 14.5 ከመቶ ገደማ። በቃ። ካልኩሌተር ያለው ሰው ይሠራዋል። ልዩነቱ ለደንበኛው ለምን በ100,000 ሳይሆን በ96,500 እንደሚካፈል ማስረዳት መቻል ነው። ካወጣው ገንዘብ ላይ ነዋ የሚታሰበው።

አሁን ትንሽ ናይሮቢ ልውሰድሽ። ይህን ሙያ የጀመርኩት እዚያ ነው፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት እ.ኤ.አ. 2008ን ነው። የኬንያ መንግሥት የስልክ ኩባንያውን የሳፋሪኮምን ሩብ፣ 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ5 ሺሊንግ ለሕዝብ ሸጠ። ሰው ተበድሮ ሁሉ ገዛ። ለሽያጭ ከቀረበው ብዙ እጥፍ ተጠየቀ፣ ስለዚህ ገዢው ካመለከተው ጥቂቱን ብቻ አገኘ። ገበያ ላይ በወጣ ሰሞን ዋጋው ከፍ አለ፤ ወራት ሳይቆይ ከ5 ሺሊንግ በታች ወረደ። የተበደረው ሰው ወለድ እየቆጠረ ብሮከሩ በር ላይ ቆመ። «ይወጣል ብለኸኝ ነበር» ነው ነገሩ ሁሉ።

ከዚያ የከፋው ግን ሌላ ነው። በእነዚያው ዓመታት ናይሮቢ ውስጥ የደላላ ድርጅቶች ተከታትለው ወደቁ። ኒያጋ ስቶክብሮከርስ የሚባለው በመጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. በተቆጣጣሪው ተይዞ ለሌላ አስተዳዳሪ ተሰጠ። የደንበኛ ገንዘብና የደንበኛ አክሲዮን ከድርጅቱ ጋር መቀላቀሉ ነው የዚህ ዓይነት ነገር ሥር። አንድ ድርጅት ደመወዝ ለመክፈል ሲቸገር፣ ሒሳቡ ውስጥ የደንበኛ ገንዘብ ተኝቶ ሲያይ፣ «ለሳምንት ነው፣ እመልሰዋለሁ» ይላል። ያቺ ሳምንት አታልቅም። ባንክ ቤት ሳጥን ጎድሎ ያደረ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እዚህም ያው ነው። የደንበኛ ብር ለብቻው ይቀመጣል፣ በየቀኑ ይመሳከራል፣ ሳንቲም ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን ልማድ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ዋጋ አለው።

ስለ ሕጉ። አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ብሮከር ነኝ» ማለት አይችልም። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፣ የምትሠሪውም ፈቃድ ባለው ድርጅት ውስጥ ሆነሽ ነው። አዋጁንና ስለ አገልግሎት ሰጪዎች ፈቃድና ቁጥጥር የወጣውን መመሪያ ቁጥር 980/2016 አንብቢ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ሲያልቅ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ከጎንሽ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ያላነበቡትን አንብበሻል።

እስከዚያው ሁለት ነገር ላይ ተጠንቀቂ። አንደኛው ቴሌግራም ነው። «የእገሌ ባንክ አክሲዮን አለ፣ በውስጥ ያናግሩን» የሚል ቻናል ሞልቷል። ባንክ ውስጥ ስለምትሠሪ «ገዢ አምጪልን፣ ኮሚሽን አለሽ» የሚልሽ አይጠፋም። ድሮ ውልና ማስረጃ ሄዶ ተፈራርሞ ማለቁ የተለመደ ነበር፣ መሀል ያለውን ሰው የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ያለ ፈቃድ የማገበያየት ሥራ መሥራት ሕግ መጣስ ነው። ነገ ፈቃድ ላይ ስምሽ ሲጣራ ለጥቂት ሺህ ብር የሠራሽው ነገር እንዲመጣብሽ አትፈልጊም። ሁለተኛው የውስጥ ወሬ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለች ጓደኛሽ «ትርፋችን እጥፍ ሆኗል፣ ገና አልተገለጸም» ብላ ነገረችሽ። በዚያ ወሬ ተነስቶ መግዛትም ለሌላ መንገርም አዋጁ ይከለክላል። ከለመድነው የሻይ ሰዓት ጨዋታ አንጻር ይከብዳል፤ የሙያው ሀ ሁ ግን እሱ ነው።

ሰርተፍኬቶቹን በአጭሩ። ሲኤፍኤ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ፈተና ብቻ 180 ጥያቄ፣ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ጥናት ይመከራል፣ ክፍያው በዶላር ነው፣ በዛሬው ምንዛሪ ኪስ ያራቁታል። ትምህርቱ ግሩም ነው። ግን የሚያዘጋጀው በዋናነት ኩባንያ ለሚገመግምና የሰው ሀብት ለሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ደግሞም ፈቃድ አይደለም። ያንን ሦስት ገጽ ጽፈሽ «ይህ ነገር ጣመኝ፣ ገና ማወቅ እፈልጋለሁ» ካልሽ ያኔ ተመዝገቢ። ምናልባት አሠሪሽ ይከፍልልሽ ይሆናል። «በሁለት ሳምንት ትሬደር እናደርግሻለን» የሚሉትን ደግሞ ብርሽን ይዘሽ እለፊያቸው። አብዛኞቹ የሚያስተምሩት የውጭ ምንዛሪ ቁማር ነው፣ ከዚህ ሥራ ጋር አይገናኝም።

ወንድምሽስ? የሚላት ፈተና ኤስአይኢ ትመስለኛለች፣ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሙያ የመግቢያ ፈተና። 75 ነጥብ የሚያዝባቸው ጥያቄዎች፣ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ፣ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ መውሰድ ይችላል፣ አሠሪ አያስፈልግም። ውጤቷ አራት ዓመት ያገለግላል። እሱ ራሱ ፍላጎቱ ካለው ሥራውን ሳይተው ሊሞክራት ይችላል። ግን እሷ ብቻዋን አታሠራም። ሲሪስ 7 የሚባለውን ባለ 125 ጥያቄ የብሮከርነት ፈተና ለመውሰድ የሚያስመዘግበው ድርጅት ያስፈልገዋል፣ ከዚያ በየስቴቱ የሚፈለገው አለ። ድርጅቱ ሲያስመዘግበው ደግሞ የወንጀል ታሪክ፣ ኪሳራ፣ ያልተከፈለ የፍርድ ቤት ዕዳ ሁሉ በቅጹ ላይ ይሞላል። ይህ ሁሉ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ አዲስ አበባ ስትመጪ የሚታይሽ እንደ ጥሩ ንባብ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ንገሪው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ከጓደኛና ከዕቁብ ሰው ገንዘብ ሰብስበው አገር ቤት አክሲዮን ሊገዙ ሲያስቡ ይታያል። መሀል ገብቶ ኮሚሽን መቁረጥ እዚያም ያለ ምዝገባ አይፈቀድም፣ ጣጣው ቀላል አይደለም።

ታዲያ በየት በር ትገቢያለሽ? በቅርቡ በር። ያለሽበት ባንክ ዋናው መሥሪያ ቤት የአክሲዮን ክፍል አለው፣ የባለአክሲዮኖችን መዝገብ የሚይዝ፣ ዝውውር የሚመዘግብ፣ የትርፍ ድርሻ የሚከፍል። የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ለዚያ ተወዳደሪ። አዲስ አበባ መግባት ሊያስቸግርሽ ይችላል፣ ግን ውርስ ላይ የተጣሉ ወንድማማቾችን፣ ስሙ በሁለት ዓይነት የተጻፈ ባለአክሲዮንን፣ ለብድር ዋስትና ባንክ የተያዘ አክሲዮንን እዚያ ነው የምታዪው። ብሮከር ቤት ደንበኛ ሲመጣ የሚያመጣው ችግር ይኸው ነው። ከዚያ እንደ ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ያሉ ኢንቨስትመንት ባንኮች አሉ፣ ሌሎች ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶችም አሉ። ትዕዛዝ ከምትቀበይበት ወንበር ይልቅ መጀመሪያ የሚገኘው ከኋላ ያለው ነው፤ ሒሳብ ማመሳከር፣ የደንበኛ ሰነድ ማጣራት፣ ሕግ መከበሩን መከታተል። ይህን አልፈልግም አትበይ። ሥራውን ከታች ያየ ሰው ስልክ ላይ አይደነግጥም።

ደንበኛ ከየት ይመጣል ብለሽ እንዳትጨነቂ። ኢትዮ ቴሌኮም 10 ከመቶ ድርሻውን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ ትንሹ የሚገዛው 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የገዙት ግን ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው፣ በቴሌብር፣ ከስልካቸው። ብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያ አክሲዮናቸው ይሆናል። ጥያቄያቸውን ከአሁኑ መገመት ትችያለሽ። መቼ ነው መሸጥ የምችለው? የትርፍ ድርሻዬ በየት ይመጣል? ብሞት ለማን ይሆናል? ለእነዚህ ሦስቱ ግልጽ መልስ ያለው ብሮከር ሥራ አያጣም።

ቃለ መጠይቅ ከተጠራሽ አንቺም ጠይቂ። የደንበኛ ገንዘብ የት ባንክ፣ በማን ስም ነው የሚቀመጠው? በየቀኑ የሚያመሳክረውስ ማን ነው? ክፍያዬ በወር ደመወዝ ነው ወይስ ደንበኛው በገዛና በሸጠ ቁጥር? ሁለቱም ከሆነ ድርሻው ስንት ስንት ነው? ደንበኛ ቅር ሲለው አቤቱታው ማን ጋ ይደርሳል? እነዚህን ስትጠይቂ ፊቱ የሚጠቁር አለቃ ካጋጠመሽ ወደ ሐዋሳ ተመለሺ፣ ሌላ ድርጅት ይከፈታል። ደስ ብሎት እየዘረዘረ የሚመልስልሽ ከሆነ ግን ደመወዙ ከባንኩ ትንሽ ቢያንስም ተቀበይው።